የመርዶው ልምምድ

መርካቶ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህር ስንታየሁ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ሳያውቁኝ ስለጻፍኩልዎ ቅር እንዳይልዎ። ጤናዬ እባላለሁ። እዚህ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ የተቀደደ ጆንያ እየገዛን፣ እየሰፋን የምንሸጥ ሴቶች አለን፤ አንዷ እኔ ነኝ። የእርስዎ ተማሪ የጸሎት ማሙሸት እናት አበራሽ ከጎኔ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሸራ ሥር ተቀመጥን።

ነበረች ማለቴን አይተው ነገሩ ገብቶዎታል መሰለኝ። አበራሽ የካቲት 26 ቀን፣ ማክሰኞ፣ አረፈች። ጉበቷ ነው አሉን። ታመምኩ ያለችው በገና ነው፤ መቼ እንደዚያ እንዳለቀች እኔ ከጎኗ የምውለውም አላየሁም። ቀብሯ ተክለ ሃይማኖት ሆነ። እድሩ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ጸሎት ግን አልሰማችም።

አይፍረዱብን መምህር። አበራሽ ልታልፍ ስትል እጄን ይዛ፣ «ቲያትሯን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት» አለችኝ። «ከሰማች ጥላ ትመጣለች። ከመጣች አትመለስም፤ እኔ ቦታ ላይ ቁጭ ትላለች።» ሌላ የተናገረችው የለም። ውሃ ጠይቃ ሳትጠጣው ቀረ።

አሁን ችግሬን ልንገርዎ። አበራሽ ፊደል አልቆጠረችም። እናንተ ዘንድ ስልኩ በጥቅምት ከተቋረጠ ወዲህ ለልጅቷ የሚሄደውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ፉርቃን የሚባለው የአይሱዙ ሾፌር እህል ሊጭን ወደ እናንተ ሲመጣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያደርሳል። ጸሎት የእኔን እጅ ጽሕፈት ታውቀዋለች። ስለዚህ አሁንም እየጻፍኩላት ነው፤ በእናቷ ስም። አንዱ ሄዷል። «ደህና ነኝ» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ለፋሲካ ልምጣ ካለች ልምምድ አለ ብለው ያስቀሩልኝ። ከመርካቶ የመጣ ሰው ሲያነጋግራት ካዩ ደግሞ ቀረብ ይበሉ። መርዶውን በሰኔ እኛው መጥተን፣ በወጉ እንነግራታለን።

ሰፈሩ በልጅቷ ትምህርት ግራ እንደተጋባ ነው። ጎረቤታችን ሀፍሷ መጀመሪያ ቲያትር ልታጠና ነው ስንላት፣ «አራት ዓመት ሙሉ ማልቀስ ልትማር? እኔ ቤት ትምጣ፣ ባሌ በአንድ ሳምንት ያስመርቃታል» ብላን ነበር። አበራሽ በሳቅ መርፌውን ጣቷ ላይ ሰካችው። አሁን ይህን የማወራልዎ ለምን እንደሆነ እንጃ። እሷን ሳስባት የምትስቀዋ ናት የምትመጣብኝ።

አክባሪዎ፣
ጤናዬ


መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጤናዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ፉርቃን የሰጠኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ጸሎት አጠገቤ ቆማ ነበር፤ የፉርቃንን መኪና ስለምታውቅ «ከእኛ ሰፈር ነው?» አለችኝ። ለመድረክ የሚሆን ጆንያ ዋጋ አስጠይቄ ነው አልኳት። እንደዚህ በቀላሉ እንደምዋሽ አላውቅም ነበር።

ያሉኝን አደርጋለሁ። ሳልነግርዎ የማላልፈው ነገር ግን አለ። የዘንድሮ ተመራቂዎች የሚሠሩት ቲያትር መርዶ ስለሚነገራት አንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋን የምትሠራው ጸሎት ናት። ቦታውን የሰጠኋት በጥር፣ እናቷ በሕይወት ሳሉ ነው። የመመረቂያ ውጤቷ ግማሹ ከዚሁ ይመጣል።

እስካሁን አልሆነላትም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን መርዶው ሲነገራት ትጮኻለች፣ ትወድቃለች፣ ፀጉሯን ትይዛለች። ያየችው ፊልም ነው። እኔም ደብዳቤዎ ሊደርሰኝ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ «ይህን በሕይወቱ ያየ ሰው ጠይቂ፤ እናትሽን ጠይቂ» ብያት ነበር። ጠይቃ እንደሆነ አላውቅም።

ቦታውን ለሌላ ተማሪ ልስጠው? ምክንያት አይጠፋኝም። የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

ስንታየሁ


መርካቶ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህር ስንታየሁ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ አለን። ባለፈው ቅዳሜ የአበራሽን አርባ አወጣን። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነበር፤ ሀፍሷ አምስት ሊትር ዘይት ይዛ መጥታ «እኔ አልበላላችሁም ግን አበራሽ ደረቅ ወጥ አትወድም» አለች። ሰው ሁሉ «ልጅቷስ?» እያለ ጠየቀኝ። «ፈተና ላይ ናት» እላለሁ። ዓይኑን ዝቅ የማያደርግ አልነበረም።

ቦታውን አይቀሟት። አበራሽ ጠዋት ጆንያ ስናራግፍ «ልጄ ዋናዋን ሆነች እኮ፣ ሌሎቹ እሷን ሊያጅቡ ነው የሚወጡት» እያለች የማታውቀውን ሁሉ ስታስጨንቅ ከርማለች። አንድ የበርበሬ ነጋዴ «ዋናዋ ምን?» ቢላት ዞራ እኔን አየችኝ። በዚህ አይንኩብኝ።

ጠይቃለች ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ ጠይቃለች። ደብዳቤዋ የደረሰኝ እርስዎ በጻፉልኝ ሳምንት ነው። «እማዬ፣ የአባዬን መርዶ እንዴት አድርገው ነገሩሽ? ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ፣ ለሥራዬ ነው» ይላል። ሁለት ቀን ከጡቴ ሥር ይዤው ዞርኩ። አባቷ ማሙሸት የሞተ ጊዜ መርዶ ነጋሪዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ ስለዚህ ነገሩን እንደ ትናንት አውቀዋለሁ። በእናቷ ስም እንዲህ ብዬ መለስኩላት። እርስዎም እንዲያውቁት ገልብጬዋለሁ፦

«ልጄ፣ ይህን ጠይቀሽኝ አታውቂም ነበር። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ጅማ መንገድ ላይ ከነመኪናው ገደል መግባቱን ሰፈሩ የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ግን ያን ቀን እንደ ልማዴ ጆንያዬን ሸጬ፣ ራቴን በልቼ ተኛሁ። ቀን ለቀን አይነገርም፤ ሰው ደንግጦ መኪና ሥር ይገባል። የመጡት ጎህ ሲቀድ ነው። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ የእድር ዳኛ ስለሆኑ ከፊት፣ ጤናዬ ከኋላቸው፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ሀፍሷም ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ፤ መለሱት። ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረጉ። ጤናዬ ድምፅ እንዳታወጣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። ከውስጥ አንቺ ውሃ ስትጠይቂ ተሰማ። ልጅቷ ትጠጣ ተባለና ተጠበቀ። ከዚያ ተንኳኳ። በሩ ሲከፈት የተናገረ ሰው የለም። አምስት ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ ከቆመ ሌላ ምን ሊያመጣ። ጩኸትም አልነበረም። ጩኸቱ የመጣው ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው።»

ጽፌ ስጨርስ አንድም ነገር እንዳልዘነጋሁ አይቼ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ለሀፍሷ ሳነብላት ስታለቅስ ቆይታ «ጫማዬን ባትጽፊው ምን ነበረበት፣ ሰው ሌባ ይለኛል» አለችኝ።

ከጠቀማት ይጥቀማት። ለእሷ ሥራ ነው ብዬ ነው።

ጤናዬ


ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጤናዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለፋሲካ አልመጣችም፤ እኔ ለማስቀረት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ሳልናገር ራሷ «እዚሁ እቆያለሁ» አለችኝ። እፎይ አልኩ።

ስለ ልምምዱ ልንገርዎ። የላኩላት ነገር ጠቅሟታል ማለት ያንሳል። አሁን አትጮኽም። በሩን ትከፍታለች፣ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ታያለች፣ ከዚያ «ከሩቅ ነው የመጣችሁት፤ ቁርስ በልታችኋል?» ትላለች። ይህ ቃል በድርሰቱ ውስጥ የለም። መርዶ ነጋሪ ሆኖ የሚሠራው ልጅ ቃሉን ከድርሰቱ ገልጦ ፈለገ። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላም ከተቀመጠችበት አትነሳም። ጓደኞቿ ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጨብኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንደዚህ ያለ አላየሁም፤ የልምምድ ውጤቷን ሙሉ ሰጥቻታለሁ።

ቤቴ ስገባ ግን ራሴን ጠላሁት። እናቷ የሞቱባት ልጅ እናቷ እንደሞቱ ሳታውቅ ስታለቅስ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ «ከዚያ ወንበር ትንሽ ወደ ግራ» አልኳት። እትዬ ጤናዬ፣ አሁን ብንነግራት አይሻልም? አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ደግመው ያስቡበት።

ስንታየሁ


መርካቶ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህር ስንታየሁ፣

ዕድሜ ይስጥዎ። ደብዳቤዎን ለጋሽ ገብረ ኢየሱስ አነበብኩላቸው፤ እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። እሳቸውም «አምስት ሳምንት ማለት ሠላሳ አምስት ቀን ነው፤ የሟች ቃል ደግሞ የሟች ቃል ነው» አሉ። ሀፍሷ አልተስማማችም። «እናንተ ልጅቷን አስባችሁ ሳይሆን ፊቷን ማየት ፈርታችሁ ነው» አለች። ተቆጣኋት። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም፤ በአንድ ሸራ ሥር ሆኖ አለመነጋገር እንዴት እንደሚከብድ አይጠይቁኝ።

ስለዚህ በቃላችን እንጽና። ቲያትሩ ፉርቃን እንደነገረኝ ሰኔ 15 ቅዳሜ ከሆነ ሚኒባስ ተከራይተን አርብ እንመጣለን። አምስት ነን። ተመልካቹ መሃል ገብተን ከኋላ እናያለን፣ እሷ እንዳታየን። እሑድ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። ቅዳሜ ማታ በደንብ ትብላ። የት ታድራለች ብለው በፉርቃን ላስጠየቁኝ፣ ከሴቶች ማደሪያው ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ ፉርቃን የነገረኝ ባልደረባዎ መምህርት ኤልሳቤት ቤታቸውን ከፈቀዱ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ወደ መኪናው እንገባለን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በዚያው ቀን መርካቶ ድንኳኑ ውስጥ ነን።

ልጅቷ የምትጽፈው ተለውጧል ወይ ብለውም በእሱ ልከውብኛል። አዎ፣ አጥሯል። ድሮ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ እማዬ እግርሽ እንዴት ሆነ፣ እማዬ ጣራው ተጠገነ ወይ። አሁን ምንም አትጠይቅም። «ለሁላችሁም ሰላም በሉልኝ» ትላለች። ፈተናው ነው ብለናል። የመጨረሻው ላይ ደግሞ «እማዬ፣ እትዬ ጤናዬን አይዞሽ በይልኝ» የሚል አለበት። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ፉርቃን ነግሯት ይሆናል። አዩልኝ፣ እዚያ ሆና እኔን ታስባለች።

እኔ በአበራሽ ስም መጻፍ ለምዶብኛል። መጀመሪያ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ እሰርዝ ነበር። አሁን ቁጭ ስል ይመጣልኛል፤ ናፍቆቱም፣ ምርቃቱም። አንዳንዴ ከአበራሽ በላይ የማውቅበት ይመስለኛል፣ ያን ጊዜ ነው የምፈራው።

ሰላም ያገናኘን፣
ጤናዬ


መርካቶ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህር ስንታየሁ፣

መልስ ስላዘገየሁ አይቀየሙኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

እርስዎ እሑድ ጠዋት ከመምህርት ኤልሳቤት አጥር ውጭ ስለቀሩ ውስጥ የሆነውን ንገሪኝ ብለውኛል። እነግርዎታለሁ። ማንኳኳት አልነበረም። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ጸሎት ለብሳ ነበር፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ፀጉሯን አስራ። ቦርሳዋ ተዘግቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከኋላዋ አምስት ወንበር ተደርድሯል። «ግቡ» አለችን። ማናችንም አልገባንም። «ግቡ እንጂ፤ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነበር።»

ግራ ቀኝ ሊይዟት የመጡት ሴቶች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አጡ። ሀፍሷ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «ማን ነገረሽ?» አልኳት፤ ፉርቃንን ጠርጥሬ።

«አንቺ» አለችኝ። «የአባዬን መርዶ ስትጽፊልኝ። እማዬ ያን ዕለት ከበሩ ውስጥ ነበረች። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ እጃቸውን ሦስት ጊዜ አንስተው ሲመልሱ ያየ ሰው ከውጭ የቆመ ሰው ነው። አንቺ ነጠላሽን ስትነክሺም። መምህራችን አንድ ነገር በሠራን ቁጥር፣ ይህን የሚያየው የት የቆመ ሰው ነው ይሉናል። እማዬ ብትነግርሽ ኖሮ ሌላ ነበር የምትለው። ውሃውን ሰጥታኝ እኔን የት እንዳስቀመጠችኝ ትነግረኝ ነበር። እሱን አንቺ አታውቂውም።»

እውነቷን ነው። አላውቀውም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ተቀምጬ አልጠየቅኋትም።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ «ታዲያ ልጄ፣ ለምን አልመጣሽም?» አሏት። «ብመጣ ትነግሩኛላችሁ። ከነገራችሁኝ አልመለስም። ዝም ያላችሁት እማዬ አደራ ብላችሁ እንደሆነ ገምቼ ነበር» አለች። ሀፍሷ ከተቀመጠችበት «ሁለት ወር ሙሉ፣ ብቻሽን፣ የት ስታለቅሺ ከረምሽ?» አለቻት። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። «ልምምድ ላይ ነዋ። ማደሪያው ውስጥ ስድስት ነን፤ ሽንት ቤቱም ሰልፍ ነው። ምን ሆንሽ ሳልባል የማለቅሰው እዚያ ብቻ ነበር። ስጨርስ ያጨበጭባሉ።»

ይህን ለእርስዎ ንገሪልኝ አላለችም። እኔ ነኝ የምነግርዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ አንድ ጊዜ አሁን እንንገራት ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ራሷ ታውቅ ነበር፣ እኛም እናውቅ ነበር፣ ሁላችንም አንዳችን ለሌላችን ስንተውን ከረምን። የተማረችው እሷ ብቻ ናት።

መርካቶ ስንደርስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ጠበቃት። አላለቀሰችም። የመጣውን ሁሉ «ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ሸኘች። ሴቶቹ «ልቧ ደነደነ፤ ይሄ ትምህርት ነው ያበላሻት» ብለው አሙ። ሰምቼ ቡናውን አዞርኩ።

ለምረቃው ትመጣለች ወይ ላሉኝ፣ ጠየቅኳት። «ወረቀቱን ፉርቃን ያምጣው» አለች። እዚህ አንድ የተማሪ ቤት የቲያትር ክበብ አስተማሪ ይፈልጋል ያሉትንም ነገርኳት። «መድረክ ላይ ስወጣ የማንን እንደማለቅስ አላውቅም» ብላ ጆንያዋን ሳበች። አዎ መምህር፣ ከጎኔ ናት። እናቷ ቦታ ላይ። ስፌቷ ከአበራሽም ይሻላል፤ ዱቄት አያፈስም። ነጋዴዎቹ እሷን መርጠው ይመጣሉ። አበራሽ አደራ ያለችኝ ይህ እንዳይሆን ነበር፤ ቲያትሩንም ጨረሰች፣ ከቦታውም አልቀረችም።

ባለፈው ሳምንት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ደብዳቤዎቹን ይዛ መጣች። አሥራ አራት ናቸው። ስምንቱ አበራሽ እያለች የተጻፉ፣ ስድስቱ ከዚያ ወዲህ። ባዶ ጆንያ ላይ በተርታ ደረደረቻቸውና «እማዬ ያለችው የቱ ነው?» አለችኝ።

«እስከ የካቲት ያሉት የእሷ ናቸው» አልኳት።

«እሱንማ ቀኑ ይነግረኛል። በአፏ ያለችውን ነው የምልሽ። ቃሏን።»

አበራሽ ወረቀት ሲቀርብ ታፍር ነበር። «ደህና ናት በያት፤ የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ» ትለኝና ወደ መርፌዋ ትመለሳለች። ያ ሁሉ «ዓይኔ፣ የልቤ ማረፊያ» እኔ የጨመርኩት ነው። ልጅቷ ደስ ይላታል ብዬ፤ ደግሞም ጽሕፈቴ ያምራል ሲሉኝ እወዳለሁ። አሁን ግን መዋሸት አቃተኝ። ጣቴን እያስቀመጥኩ አሳየኋት። «ካልሲ ደርቢ።» «ያቺ ሳቂታዋ ጓደኛሽ አገባች?» «ዝናቡ ወንበሬን ወሰደው፣ አመጡልኝ።» «እየሮጥሽ አትብዪ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ።» «ሽንኩርት አትላጪ፣ ዓይንሽ አይችልም።» አንዳንዱ ላይ ሁለት፣ አንዳንዱ ላይ አንድ መስመር። በስምንቱ ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ አገኘን። ሌላ የለም።

ክር የምንቆርጥበትን መቀስ አነሳች። አሥራ አንዱን መስመር ቆርጣ አወጣች፣ በመሐረብ ጠቅልላ ከደረቷ ከተተች። የቀረውን ሰብስባ አስተካከለችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ ነው።

አሁን ቤቴ ከሳጥኑ ላይ አለ። ስምንቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ስድስቱ ደህና ነው፤ መቀሱ አልነካውም።

ጤናዬ